ወንበሩን ማን አመጣው?

አማርኛችን ስግብግብነትን ሲሰድብ ሆድን ይጠራል። “ሆዳም” ይላል፣ “ሆዱ አምላኩ” ይላል፣ “በልቶ የማይጠግብ” ይላል። ስድቡ ሁልጊዜ የሚያርፈው አንድ ሰው ላይ ነው። ሰውየው ከድርሻው በላይ በላ፣ ሲበላም አላፈረም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ስለ ስስት ብዙ ያስተማረኝን ፊልም ሳስብ ትዝ የሚለኝ ሆድ አይደለም። ትዝ የሚለኝ ወንበር ነው።

ፊልሙ የኃይሌ ገሪማ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” ነው። በ1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1976) የወጣ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም። ኃይሌ ያኔ አሜሪካ፣ ዩሲኤልኤ የፊልም ተማሪ ነበር። አገር ቤት መጥቶ ሁለት ሳምንት ገደማ በፈጀ ጊዜ ውስጥ፣ በአብዛኛው ካሜራ ፊት ቆመው በማያውቁ ሰዎች ቀረጸው። ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበትና ደርግ ገና እግሩን ባልተከለበት ቀዳዳ ውስጥ የተሠራ ነው። ካሜራው የሚያየው ዓለም ገና በሕይወት ነበር፤ ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ ግን በአዋጅ ታሪክ ሆኖ ነበር።

የማርቲን ስኮርሴዚ ድርጅት ከመጥፋት ተርፈው እንዲታደሱ ከመረጣቸው የዓለም ፊልሞች አንዱ ይሄ ነው። እኛ ጋ ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ እንኳ ስሙን የሰማሁት ዘግይቼ ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በከፊል የአድናቆት ጽሑፍ ነው። በከፊል ደግሞ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙን ያየሁት ከወላይታ ሶዶ ሆኜ ነው። ከዚህ ሆኖ ሲታይ አንድ ጥያቄ አላስተኛ ይላል።

ላብ የማያውቅ ስስት

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ፤ አያት፣ አባት፣ እናት፣ ልጆች። ከንጋት እስከ ምሽት የሚያርሱት መሬት የነሱ አይደለም። ባለመሬቱ ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል፣ ይሳደባል፣ ያዛል። እንግዲህ ይኸው ነው። ኃይሌ ገሪማ አይቸኩልም። ሰዎቹ ሲያርሱ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ ከብት ሲነዱ ያሳየናል፤ ደግሞ ያሳየናል። መጀመሪያ ላይ “መቼ ነው ታሪኩ የሚጀምረው?” ትላላችሁ። ቆይታችሁ ስትነቁ ታሪኩ ያ ድግግሞሽ ራሱ እንደሆነ ይገባችኋል። የድካሙ ርዝመት ትከሻችሁ ላይ ሲያርፍ፣ የዚያ ሰውዬ መቀመጥ ከስድቡ በላይ ማናደድ ይጀምራል።

ስለ ስስት የተሠሩ ታላላቅ የውጭ ፊልሞችን ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የፖል ቶማስ አንደርሰንን “ዘር ዊል ቢ ብለድ” ውሰዱ። ዳንኤል ዴይ ሉዊስ የሚተውነው የነዳጅ ከበርቴ ፊልሙን የሚጀምረው ብቻውን ጉድጓድ ውስጥ ሲቆፍር ነው። ወድቆ እግሩ ይሰበራል፤ እየተሳበ ይወጣል። ሰውየው ጨካኝ ነው፣ ግን ይሠራል። ስስቱ በላብ የተለወሰ ስለሆነ ተመልካቹ እየጠላውም ቢሆን በግማሽ ልቡ ያደንቀዋል።

የኛው ባለመሬት ለዚህ ዓይነት አድናቆት በር አይከፍትም። አይቆፍርም፣ አይነግድም፣ ምንም አዲስ ነገር አይፈጥርም። ስስቱ ከወንበሩ እንዲነሳ እንኳ አያስገድደውም። አንዳንዶች “ገጸ ባሕሪው ጠለቅ አላለም፣ ባለመሬቱ ውስጡ አልታየም” ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። የኃይሌ ገሪማ ትልቁ ብልሃት ያለው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ይህ ሰው ውስጡ የተለየ ክፋት አያስፈልገውም፤ ክፋቱን የሚሠራለት ወንበሩ ነው። ነገ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት ያው ነው። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ያወረሱን ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ተረቱ ስለ ሹሙ ጠባይ አንዲት ቃል የለውም፤ የሚያወራው ስለ ሹመቱ ነው።

የፊልሙ ከባድ ሰዓት የምትመጣው በላም ምክንያት ነው። ከብት የምትጠብቀው ልጅ ጎርፍ የወሰደባትን ላም ለማዳን ስትል ራሷ ትወሰዳለች። የልጅ ነፍስና የላም ዋጋ በአንድ ሚዛን ላይ ተቀምጠው ልጅቷ የቀለለችበት ዓለም ነው። ያችን ትዕይንት እያየሁ ነው የአገሬ የወላይታ ታሪክ ትዝ ያለኝ። የኛም ታሪክ ዞሮበት የተሰበረው ከብት ላይ ነበርና።

ከብቶቹ

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን “ክፉ ቀን” መታት። ኢጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የከብት በሽታ የደጋውን በሬ ጠራርጎ ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ረሃብ ገባ፣ ረሃቡን ወረርሽኝ ተከተለው። የዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሠራዊት ነበረው፤ ለሠራዊቱ የሚያበላው ግን አጠረው።

በዚያን ጊዜ ከኦሞ ወንዝ ወዲህ ካዎ ጦና ጋጋ የሚገዙት የወላይታ መንግሥት አልገብርም ብሎ ቆሞ ነበር። ከዚያ በፊት የተላኩ ዘመቻዎችን መልሷል። በ1887 ዓ.ም. ግን ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ። አብሯቸው የዘመተውን ሠራዊት ያየ ሰው “አንድ ብሔር ሌላውን ወረረ” የሚለው አጭር ታሪክ እንደማይበቃ ይረዳል። የወሎው ራስ ሚካኤል ነበሩበት፤ የጅማው አባ ጅፋርም ነበሩበት። ወላይታ ተዋጋች፤ ብዙ ሰው አለቀ። ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ።

ከዘመቻው ጋር ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ የንግድ ወኪል ተጉዞ ነበር። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1896 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። እሱ እንደጻፈው ከምርኮው ለንጉሠ ነገሥቱ ድርሻ ብቻ የደረሰው 18,000 ከብትና 1,800 ባሪያ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩአቸው። ለአንድ ሰው አሥር ከብት። ያቺ በፊልሙ ውስጥ በጎርፍ የተወሰደች ልጅና ላሟ ትዝ አይሏችሁም?

ይህን የምጽፈው የሙታንን አጥንት ለመውቀስ አይደለም። የደጋው ወታደር ርቦት ነው የመጣው፤ የተራበ ሰው ደግሞ ስስታም አይባልም። ግን ልብ በሉ። ረሃቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለፈ፤ ከብቱም ተበልቶ አለቀ። ረሃቡ ካለፈ በኋላ ግን መውሰዱ አልቆመም። ችግር ያስጀመረው ነገር ችግሩ ሲያልፍ መብት ሆኖ ቀጠለ። ለኔ የስስት ትርጉም ይኼ ነው።

ከብት ለወላይታ ገበሬ ምን እንደሆነም መታወቅ አለበት። በጓሮው ያለው እንሰት የሚቆመው በፍግ ነው፤ ፍግ የሚገኘው ከከብት ነው። ከብቱ የሄደበት ቤት የሚያጣው ወተትና ቅቤ ብቻ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ እንሰቱም ይቀጥናል። የበሬ ነገርማ ከዚህ ይከብዳል። ዛሬም በጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን፣ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ተሰባስበው ገንዘብ እያጠራቀሙ በሬ የሚገዙት ለሥጋው ብቻ ብለው አይመስለኝም።

ደግሞ እውነቱን ሁሉ እናውራ። የጦና ወላይታ ገነት አልነበረችም። ባሪያ ነበረባት። ሸክላ ሠሪውን “ጪናሻ”፣ ቆዳ ፋቂውን “ደገላ” ብላ ከማዕድ የምታገል፣ መሬትም ጋብቻም የምትነፍግ አገር ነበረች። ወንበሩ ከሰሜን ብቻ በፈረስ ተጭኖ አልመጣም። ትንንሽ በርጩማዎች ቀድመው ነበሩ።

ከዘመቻ ወደ ወንበር

ጦርነት ከብት ይሰጣል እንጂ ወንበር አይሰጥም። ወንበሩን የሠራው ከዚያ በኋላ የመጣው ሥርዓት ነው። ለወታደሩና ለሹሙ ደመወዝ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ በገንዘብ ፈንታ ሰው ተሰጠ፤ እንደየማዕረጉ ይህን ያህል ገባር። ገባሩ ያርሳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ያስፈጫል፣ ሸክም ይሸከማል። ቆየት ብሎ መሬቱ በቀላድ ተለካ። ገመዱ በወደቀበት ሁሉ የአንድ ማኅበረሰብ አገር የነበረው ምድር ጋሻ በጋሻ ተቆጠረ። የአገሬው ባላባትም “ሲሶ” በሚል ድርሻ ገባበት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው፤ ከበላዩ ጋር አብሮ የሚበላ የራሳችን ሰው ነበር።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. የተመለሱት ንጉሠ ነገሥት ገባርነትን አስቀሩ። ግብሩ በገንዘብ ሆነ። በወረቀት ላይ ትልቅ እፎይታ ነበር። መሬቱ ግን ቀድሞ በያዘው ሰው ስም ጸደቀ፤ ገባሩም ጭሰኛ ሆነ። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ባለመሬቱ ለመንግሥት የሚከፍለውን አሥራትም ዞሮ ዞሮ የሚሸከመው እሱ ነው። የፊልሙ ቤተሰብ የሚኖረው በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። እዚያ ጅራፍ ብዙ አይጮህም፤ ወታደርም በየደጁ አይቆምም። አንድ የተቀመጠ ሰው ይበቃል።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “መሬት ላራሹ” ብለው ሰልፍ ወጡ። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት በሕግ ለማስተካከል የተረቀቀ አዋጅም ፓርላማ ገብቶ ነበር። ሳይጸድቅ ዓመታት አለፉ፤ አብዮቱም ቀደመው። ለምክር ቤት ለመመረጥ ንብረት ሊኖርህ ግድ በሆነበት ዘመን፣ ከመራጩ ሕዝብ ይልቅ ለመሬቱ የሚሳሳ ፓርላማ ቢገኝ ምን ይገርማል? ወንበሩ እዚያም ነበረ፤ ያውም በረድፍ።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የልማቱ ታሪክ ነው። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ፣ በስዊድን ድጋፍ ካዱ የሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ሥራ ጀመረ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ከድህነት ማውጣት ነበር። ምርቱ እውነትም ጨመረ። መሬቱ አትራፊ እንደሆነ ባለመሬቱ ሲያይ ግን ጭሰኛውን አስነስቶ ትራክተር አስገባ። ድሃውን ለማንሳት የመጣው እርዳታ ድሃውን ከመሬቱ አስነሳው። እኛ ዘንድ በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው ዋዱ፣ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ዘር በብድር ያቀርብ ነበር፤ በጠበበው ደጋ የተቸገሩትንም ወደ አበላና በሌ ቆላ ያሰፍር ነበር። የዋዱን ስም የሶዶ ሽማግሌዎች ዛሬም በበጎ ያነሱታል። የካዱ ትምህርት ግን ለሁላችንም ነው። ወንበሩ ባለበት ቤት የምታስገቡት ሲሳይ ሁሉ መጨረሻው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ነው።

እብዱ ያለው

በፊልሙ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ከበደ ሳይሆን ከበበ ይባላል። ጣሊያንን የተዋጋ አርበኛ ነው። መሬቱን ተነጥቋል፤ ማረፊያውም ድልድይ ሥር ነው። ሰዉ “አብዷል” ይለዋል። እሱ ግን ባገኘው ሁሉ ፊት እውነቱን ይለፈልፋል። የኃይሌ አባት አባ ገሪማ ታፈረ ቲያትር ጸሐፊ ነበሩ፤ ስለ ጎንደር አርበኞችም መጽሐፍ ጽፈዋል። ከበበን ሳይ ልጅየው አባቱ ከጻፉት ታሪክ ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ እየጻፈ መሰለኝ። አርበኛው አገሩን አስመለሰ፤ ከዚያስ አገሩ ለሱ ምን መለሰለት?

ከበበ በመጨረሻ ባለመሬቱን በዱላ ይገድለዋል። ፊልሙን ያላያችሁ ስላበላሸሁባችሁ አትቀየሙኝ፤ ይህ ፊልም በመጨረሻው የሚበላሽ ዓይነት አይደለም። ኃይሌ ገሪማ ግድያውን የድል ዘፈን አላደረገውም። ሰውየው ይሞታል፤ ካሜራው ግን አይጨፍርም። እዚያ ላይ ነው እኔ ባርኔጣዬን የማነሳለት። አብዮት በየጎዳናው በሚጮህበት ዓመት “ሰውየውን ብትገድሉት ወንበሩስ?” ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል።

ጥያቄው መልስ ለማግኘት ብዙ አልቆየም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በወላይታ ይህ አዋጅ እንዴት እንደተቀበለ የሚያስረዳ ቃል ከፈለጋችሁ በዚያን ዘመን የነበረ ሽማግሌ ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ ከፊቱ ታነቡታላችሁ። የማያጠራጥር ትልቅ ቀን ነበር። ግን ወንበሩ አልተቃጠለም። ቢሮ ገባ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ገበሬው እህሉን በተቆረጠለት ዋጋ፣ በተጣለበት ኮታ ለመንግሥት ድርጅት አምጣ ተባለ። ልጁንም ለብሔራዊ ውትድርና አምጣ ተባለ። የተቀመጠው ሰው ተቀይሯል። የቆመው ግን ያው ነው።

እኛስ?

ፊልሙን ከሶዶ ሆኜ ሳየው ከሁሉ በላይ የያዘኝ ይኼ ነገር ነው። በኃይሌ ገሪማ ፊልም ውስጥ ባለመሬቱና ጭሰኞቹ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ስማቸው ይመሳሰላል። ይህም ሆኖ አንዱ ተቀምጧል፣ ሌላው ጎብጧል። እኛ በደቡብ ያደግን ልጆች ስለ ገባርና ስለ ጭሰኛ ስንሰማ ባለወንበሩን የምናውቀው ብዙ ጊዜ በብሔሩ ነው። ለዚህ የሚሆን በቂ ታሪክም አለን፤ የ1887ቱን ቁጥር ከላይ ጽፌዋለሁ። ቁጥሩን ማንም እንዲያድበሰብሰው አልፈልግም። ነገር ግን ስስትን በብሔር ብቻ ያወቀ ሰው፣ ስስቱ በራሱ ቋንቋ ሲያናግረው አያውቀውም። “የኛ ሰው ነው” ብሎ ያሳልፈዋል። ወንበሩ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ዛሬ መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከተማ ሲሰፋ መሬት ይፈለጋል፤ መሬት ሲፈለግ ደግሞ የሚለካ፣ የሚፈርም፣ የሚያጸድቅ እጅ ዋጋው ይወጣል። በዙሪያችን ያለው ገበሬ የብዙው ይዞታ ከግማሽ ሔክታር በታች ነው። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል የሚደርሳቸው ጓሮ ነው። በፊልሙ መጨረሻ የጭሰኛው ልጅ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ከተማ ይሄዳል። የዚያ ልጅ ወንድሞች ዛሬም በአዲስ አበባ አስፋልት ዳር የሊስትሮ ሳጥናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው በወላይትኛ የሚጠራሩትን መቁጠር አያዳግትም። የነሱ መቀመጫ ዝቅ ያለች ናት። ደንበኛው ግን ከፍ ያለች ወንበር ላይ ነው።

በትምህርት ቤት ዜና ስንጽፍ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንድንጠይቅ ተምረናል። ስለ ስስት ስንጽፍ ብዙ ጊዜ “ማን በላ?” ላይ እንቆማለን። ስም እናወጣለን፣ ሰውየው ይነሳል፣ እናጨበጭባለን፣ ሌላ ይቀመጣል። “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” ቀጣዩን ጥያቄ አስጠየቀኝ። ወንበሩን ማን አመጣው? ማን አሸክሞ አመጣው? ከነሱ መካከል የኛ አያቶችስ አልነበሩም?

ለዚህ መልስ የሚሰጡን ሰዎች እያለቁ ነው። አዋጁ በታወጀበት ዓመት የ20 ዓመት ጭሰኛ የነበረ ሰው ዛሬ 70ን አልፏል። ካሜራ በየኪሳችን ባለበት ዘመን፣ ከዳሞት እስከ አበላ ያሉ አያቶቻችንን ስለ እኩል አራሽነት፣ ስለ አዋጁ ቀን፣ ስለ ዋዱ፣ ስለ ኮታው ቁጭ አድርገን ካልጠየቅናቸው የምንወርሰው ቁጥርና ቁርሾ ብቻ ነው። ኃይሌ ገሪማ ሁለት ሳምንትና ጥቂት ሰዎች በቅተውታል። እኛስ ምን ያንሰናል?

ፊልሙን ፈልጋችሁ እዩት። ዝግታው ካስቸገራችሁ ታገሱት። ካያችሁት በኋላ ደግሞ ከቤተሰባችሁ ሽማግሌ ጋር አንድ ከሰዓት አሳልፉ።